በፌንሲንግ ግጥሚያ መሀል ቱግ ስትሉ ምን ታደርጋላችሁ? ዝርዝር መመሪያ

ፌንሲንግ፣ ማለትም የሻሞላ ስፖርት፣ ደም የሚያፈላ ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች 14 ሜትር ርዝመት ባለው፣ «ፒስት» በሚባል ጠባብ መስመር ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሁሉ ነገር በዓይን ጥቅሻ ያልቃል። የሻሞላው ዓይነት ሦስት ነው፤ ፎይል፣ ኤፔና ሳብር። በፎይልና በሳብር ደግሞ ንክኪን የሚያሳየው የሁለቱም መብራት አብሮ ሲበራ ነጥቡ የማን እንደሆነ የሚለየው ዳኛው ነው። ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ሰው አንድ ቃል ሲገለበጥ የማይናደድ ሰው የለም።

ስለዚህ ለልጅ «አትናደድ» ብሎ መምከር ብዙም አይጠቅምም። እኔ የማምነው ሌላ ነው። የፌንሲንግ ደንብ ራሱ ለተናደደ ሰው መውጫ አበጅቶለታል። መቼ መናገር ይቻላል? ለማን? በምን ዓይነት አነጋገር? ግጥሚያው ሲያልቅ ምን ይደረጋል? ሁሉም ተቀምጧል። መውጫውን አስቀድሞ የተለማመደ ልጅ ንዴቱ ሲመጣ የሚሄድበት አለው። ያልተለማመደው ጭንብሉን ይወረውራል።

ይህን የጻፍኩት ውድድር ለጀመሩ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ነው። በተለይ ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ልጆቻቸውን ክለብ አስገብተው፣ ራሳቸው ግን ስፖርቱን ሳያውቁት ላደጉ የእኛ አገር ወላጆች።

ደረጃ 1፦ የንዴትን ዋጋ በነጥብ እወቁት

ቢጫ ካርድ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀይ ካርድ ለተጋጣሚያችሁ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ጥቁር ካርድ ከውድድሩ ያባርራል። እግር ኳስ የለመደ ሰው ቀዩ ግራ ያጋባዋል፤ እዚህ ቀይ ከሜዳ አያስወጣም፣ ነጥብ ነው የሚያስከፍለው። በአንድ ግጥሚያም ደጋግሞ ሊመጣ ይችላል።

ጥፋቶች በ4 ምድብ ተከፍለዋል። አንደኛው ምድብ ቀለል ያሉትን ይይዛል። ዳኛው «ሃልት» (ቁም) ሳይል ጭንብል ማውለቅ፣ ለተጋጣሚ ጀርባ መስጠት፣ ያለ በቂ ምክንያት ግጥሚያ ማቋረጥ፣ ለዳኛ አለመታዘዝ፣ መሠረት የሌለው አቤቱታ ማቅረብ፣ እነዚህ ሁሉ እዚህ ናቸው። መጀመሪያ ቢጫ ይመዘዛል። ከዚያ በኋላ በዚያው ግጥሚያ ከዚህ ምድብ የምትሠሩት ጥፋት ሁሉ ቀይ ነው። ያው ጥፋት መደገም የለበትም። ጭንብሉን ቀድሞ አውልቆ ቢጫ ያየ ልጅ፣ ቆይቶ ያለ ምክንያት ግጥሚያውን ቢያቋርጥ ቀይ ያያል። ብዙ ልጆች ይህን የሚያውቁት ነጥቡ ከሄደባቸው በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምድብ ላይ ቢጫ የለም፣ በቀጥታ ቀይ ነው። በጉልበት ወይም በበቀል መምታት እዚህ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ምድብ ሥርዓት ማወክን ይጨምራል፤ መጀመሪያ ቀይ፣ ከተደገመ ጥቁር። አራተኛው ጥቁር ብቻ ነው። የስፖርቱን መንፈስ የሚጻረር ከባድ ድርጊት እዚያ ይወድቃል።

አሁን ሒሳቡን ሥሩት። በምድብ ግጥሚያ እስከ 5 ነጥብ ነው የምትጫወቱት፤ በጥሎ ማለፍ እስከ 15። 14 ለ 14 ላይ ቀይ ካርድ ካያችሁ ግጥሚያው እዚያው አለቀ። ተጋጣሚያችሁ ሻሞላውን ሳያነሳ አሸነፈ። ልጅ ይህን በቁጥር ሲያየው ከማንኛውም ምክር ይበልጥ ይገባዋል።

ደረጃ 2፦ ሰላምታውን እጃችሁ በልቡ ይያዘው

ግጥሚያ ከመጀመሩ በፊት ጭንብል ሳታጠልቁ ለተጋጣሚያችሁ፣ ለዳኛውና ለተመልካቹ በሻሞላችሁ ሰላምታ ትሰጣላችሁ። ሲያልቅም እንደዚሁ። ከዚያ ሻሞላ ባልያዘው እጅ ትጨባበጣላችሁ። ወደ ዳኛው ሄዶ እጅ መስጠትም በብዙ ክለብ የተለመደ ነው።

ይህን በልምምድ ላይ መዝለል የለመደ ክለብ አለ። ተገቢ አይመስለኝም። በልምምድ ግጥሚያ ላይ ሰላምታ ያልለመደ እጅ፣ በውድድር ተሸንፎ እንባው እየተናነቀው አያስታውሰውም። ለመዝናናት በሚደረግ የ5 ነጥብ ጨዋታም ቢሆን ሁሌ ከነሙሉ ሥርዓቱ ጀምሩ፣ ከነሙሉ ሥርዓቱ ጨርሱ።

ደረጃ 3፦ ወደ መነሻ መስመር የምትመለሱባትን ጊዜ ተጠቀሙባት

ከነጥብ በኋላ ሁለታችሁም ከመሀል መስመር 2 ሜትር ርቆ ወደሚገኘው መነሻችሁ ትመለሳላችሁ። ጥቂት እርምጃ ናት። ንዴቱ የሚያይለውም፣ የሚበርደውም እዚያች ላይ ነው። ስለዚህ ሁሌ የማይለወጥ አመላለስ ይኑራችሁ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ጭንብሉ ፊታችሁ ላይ ይቆይ። የሻሞላው ጫፍ ወደ ታች ይሁን። እየተራመዳችሁ አንድ ረጅም ትንፋሽ ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱ ላይ ቆዩ። ትከሻችሁ ሲወርድ ይታወቃችኋል። መስመሩ ላይ ስትደርሱ ለራሳችሁ አንድ አጭር ነገር በሉ። ያለፈውን ነጥብ ሳይሆን የሚቀጥለውን፤ «ርቀት ጠብቅ»፣ «ቀድመሽ አትግቢ»፣ እንዲህ ያለውን። ከዚያ ብቻ ቀና ብላችሁ ተጋጣሚያችሁን እዩ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የተናደደ ልጅ የሻሞላውን ጫፍ ወለሉ ላይ ይወጋል፤ ወይም የተጣመመ ሻሞላ የሚያቃና መስሎ ፒስቱ ላይ ተጭኖ ያጎብጣል። ይህ ካርድ ሊያስመጣ ይችላል። ሻሞላ ካስቸገራችሁ ዳኛውን አስፈቅዳችሁ ከፒስቱ ውጭ አቃኑት። የጫማ ክር በመፍታትና በማሰር ጊዜ መግዛትም አያዋጣም። ዳኞች ለምደውታል።

በጥሎ ማለፍ በፎይልና በኤፔ በየ3 ደቂቃው መሀል የ1 ደቂቃ እረፍት አለ፤ በሳብር ደግሞ አንዱ 8 ነጥብ ሲደርስ። አሰልጣኝ በዚያ ደቂቃ ስለ ዳኛው ባያነሳ ይሻላል። ልጁ ውኃ ይጠጣ፣ አንድ ምክር ብቻ ይዞ ይመለስ።

ደረጃ 4፦ ዳኛን ማናገርን ተማሩ

ለእኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ በፒስት ላይ ደግሞ ከአፍ የወጣው ካርድ ሆኖ ይመለሳል።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ለዩ። አንዱ የፍርድ ጉዳይ ነው። ማን ቀድሞ አጠቃ? መከላከሉ ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም? ይህ የዳኛው ዓይን ያየው ነው፣ አቤቱታ አይቀርብበትም። ሁለተኛው የደንብ ጉዳይ ነው። ዳኛው ያየውን በትክክል አይቶ የተሳሳተ ደንብ ከሠራበት፣ ለምሳሌ ለማይገባ ጥፋት ካርድ ካወጣ፣ አቤት ማለት መብታችሁ ነው። «እኔ ነኝ ቀድሜ የጀመርኩት» የሚል ልጅ የፍርድ ጉዳይ ላይ እየተከራከረ ነው። የሚያተርፈው ቢጫ ካርድ ብቻ ነው።

የቪዲዮ ዳኝነት ባለበት ውድድር ግን ለፍርድ ጉዳይም በር ተከፍቷል። ተወዳዳሪው ዳኛው ቪዲዮውን እንዲያይ መጠየቅ ይችላል። በጥሎ ማለፍ 2 ጊዜ፣ በምድብ ግጥሚያ 1 ጊዜ። ልክ ሆኖ ከተገኘ ዕድሉ አይቀነስበትም። ተሳስቶ ከሆነ ግን አንዱ ይሄዳል። በንዴት የተጠየቀ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ የባከነ ቪዲዮ ነው። ገና 3 ለ 2 ላይ ሁለቱንም ጨርሶ፣ 14 ለ 14 ላይ ባዶ እጁን የሚቀር ልጅ ያሳዝናል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። አቤቱታ የሚቀርበው ወዲያው፣ የሚቀጥለው ነጥብ ሳይወሰን ነው። ዳኛው «አን ጋርድ፣ ፕሬ፣ አሌ» (ቦታ ያዙ፣ ዝግጁ? ጀምሩ) ብሎ ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ያለፈው አለፈ። የሚያቀርበውም ተወዳዳሪው ራሱ ነው። በግል ውድድር አሰልጣኝም ወላጅም ስለ እሱ ሆኖ መከራከር አይችልም።

አነጋገሩ እንዲህ ነው። ቁሙ። ሻሞላ የሌለበትን እጅ ከፍ አድርጉ። ዳኛው እስኪያያችሁ ጠብቁ። ከዚያ ጠይቁ፦ «ይቅርታ፣ ውሳኔውን ሊያብራሩልኝ ይችላሉ?» ሲያብራራ አታቋርጡ። የደንብ ስህተት ካያችሁ፦ «ደንቡ እንዲህ የሚል ይመስለኛል፣ የውድድሩ ኃላፊ ይጠየቅልን» በሉ። ካልሆነ «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ተመለሱ።

ይህ ለዳኛው ክብር ብቻ አይደለም፣ ለእናንተም ይጠቅማል። ዳኛው «ጥቃትሽ ከመጀመሩ በፊት እጅሽ ታጥፎ ነበር» ካለ፣ ዓይኑ ምን እየፈለገ እንደሆነ ነገራችሁ ማለት ነው። በሚቀጥለው ጥቃት እጁን ቀድሞ የዘረጋ ነጥቡን ይወስዳል። የጮኸ ልጅ ይህን አይሰማም።

እጅ መዘርጋት፣ ራስ መነቅነቅ፣ ወደ ጣራ ማየት፣ ወደ አሰልጣኝ ዞሮ መሳቅም ንግግር ነው። ዳኛ ያነበዋል።

ደረጃ 5፦ ጭንብልና ሻሞላ አይወረወሩም

ይህ ከጨዋነትም ያልፋል። በ1982 በሮም የዓለም ሻምፒዮና ላይ የምዕራብ ጀርመኑ ማቲያስ ቤር ፎይል በግጥሚያ መሀል ተሰበረ። የተሰበረው ብረት የተጋጣሚውን የሶቪየቱን ቭላድሚር ስሚርኖቭን ጭንብል ጥሶ ገባ። ስሚርኖቭ የ1980 የሞስኮ ኦሎምፒክ የፎይል ሻምፒዮን ነበር። ከቀናት በኋላ ሞተ። በዚያ ንዴትም ጥፋትም አልነበረም፣ አደጋ ነበር። ዛሬ ጠንካራ ጭንብልና ልብስ፣ በቀላሉ የማይሰበር ብረት የምንጠቀመው ከዚያ አደጋ በተወሰደ ትምህርት ነው።

ስለዚህ የሻሞላ ጫፍ ጭንብል ወዳላደረገ ሰው አይዞርም። ተወርውሮ የተሰነጠቀ ጭንብልም ለሚቀጥለው ግጥሚያ አይታመንም። ከተሸነፋችሁ በኋላ እጃችሁ የሚይዘው ነገር ከፈለገ፣ ሻሞላውን ከመብራቱ ጋር ከሚያገናኘው ገመድ ለመንቀል ተጠቀሙበት። ቀስ ብላችሁ ንቀሉ፣ ገመዱን በቀስታ እስኪሰበሰብ ያዙት፣ ጭንብሉን ብብታችሁ ውስጥ አስገቡ። እጅ ሥራ ሲያገኝ ልብ ትንሽ ይረጋጋል።

ደረጃ 6፦ ደስታም ሥርዓት አለው

በሳብር መጮህ የተለመደ ነው። ሁለቱም ነክተው ሁለቱም ወደ ዳኛው ዞረው ይጮኻሉ። ለራስ መጮህ ችግር የለውም። ተጋጣሚ ፊት ላይ መጮህ ግን ሌላ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ስትጮኹ ዓይናችሁ የት ነው ያለው? ጭንብሉ ውስጥ ካለው ሰው ላይ ከሆነ አልፋችኋል።

በፓሪስ 2024 የወንዶች ሳብር ፍጻሜ የደቡብ ኮሪያው ኦ ሳንግኡክ ከቱኒዚያው ፋሬስ ፈርጃኒ ጋር ተጋጠመ። በግጥሚያው መሀል ፈርጃኒ ወደ ኋላ ሲሸሽ ወደቀ። ኦ አልተከተለውም። እጁን ዘርግቶ አነሳው። 15 ለ 11 አሸንፎ ወርቁን ወሰደ። ለልጆቻችሁ ማሳየት ካለባችሁ ይህን አሳዩ፤ የዓለም ምርጡ ሰው በሕይወቱ ትልቁ ግጥሚያ ላይ ያደረገው ነው።

ሌላም አለ። በኤፔ አንዳንዴ ጫፉ ወለል ነክቶ መብራቱ ይበራል። ዳኛው ካላየው ነጥቡ ለእናንተ ሊጻፍ ነው። «ወለል ነው የነካሁት» ብላችሁ ተናገሩ። አንድ ነጥብ ትከፍላላችሁ። ግን ዳኞችና ተጋጣሚዎች ይህን አይረሱም፤ በሌላ ቀን ስትናገሩ ይሰሟችኋል።

ደረጃ 7፦ ስትሸነፉ፣ በተለይም በግፍ ስትሸነፉ

በለንደን 2012 የሴቶች ኤፔ ግማሽ ፍጻሜ የደቡብ ኮሪያዋ ሺን አላምና የጀርመኗ ብሪታ ሃይደማን 5 ለ 5 ነበሩ። በዕጣ ቅድሚያ ስላገኘች ጊዜው እንደዚያው ካለቀ አሸናፊዋ ሺን ነበረች። 1 ሰከንድ ቀረ። ጨዋታው ደጋግሞ ተጀመረ፣ ሰዓቱ ግን ከዚያች 1 ሰከንድ አልወረደም። በመጨረሻ ሃይደማን ነካች። የኮሪያ ቡድን አቤት አለ። ሺን ከፒስቱ ከወረደች ውጤቱን እንደተቀበለች ይቆጠር ስለነበር እዚያው ቁጭ አለች። አንድ ሰዓት ያህል እያለቀሰች ጠበቀች። አቤቱታው ውድቅ ሆነ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ እንደ ቁጣ ያወራዋል። ለእኔ ግን የተቃውሞ ምሳሌ ነው። ሻሞላ አልወረወረችም፣ ማንንም አልሰደበችም። ደንቡ የሰጣትን ብቸኛ መንገድ ተጠቀመች። ከዚያም ተነሥታ ለነሐስ ተጋጠመች፣ ተሸነፈች። በዚያው ኦሎምፒክ ከቡድኗ ጋር ብር አገኘች። የደረሰባት በደል በደል ነው፤ ጸባይዋ ግን እንከን አልነበረበትም።

እናንተ ስትሸነፉ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ዳኛው ውጤቱን እስኪያሳውቅ መስመራችሁ ላይ ቁሙ። ጭንብል አውልቁ። ሰላምታ ስጡ። ሄዳችሁ ጨብጡ፤ ዓይን ለዓይን፣ አጭር። «ጥሩ ግጥሚያ ነበር» ማለት ካቃታችሁ ዝም ብላችሁ ጨብጡ። ማልቀስ ነውር አይደለም፣ ካርድም አያሰጥም። የውጤት ወረቀት የሚፈረም ከሆነ ቁጥሩን አይታችሁ ፈርሙ፤ በንዴት ሳያዩ ፈርሞ መሄድ በኋላ ያስቆጫል። ከዚያ ውጡ፣ ብቻችሁን ሁኑ።

ስለ መጨባበጥ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። በሐምሌ 2023 በሚላን የዓለም ሻምፒዮና ዩክሬናዊቷ ኦልጋ ካርላን በገለልተኝነት የተወዳደረችውን ሩሲያዊት አና ስሚርኖቫን 15 ለ 7 አሸነፈች። አገሯ ጦርነት ላይ ነበረች። እጅ አልሰጠችም፤ ሻሞላዋን ዘርግታ በብረት እንዲነካኩ ጋበዘች። ስሚርኖቫ አልተቀበለችም፣ ፒስቱ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ካርላን ጥቁር ካርድ ተሰጣት። ነገሩ ዓለምን አነጋገረ፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለቡድን ውድድሩ እገዳዋን አነሳ፣ የኦሎምፒክ ኮሚቴውም ለፓሪስ ቦታ እንደሚሰጣት አረጋገጠ። መጨባበጥን ግዴታ ያደረገው ደንብም ተለወጠ። በፓሪስ 2024 በግል ነሐስ፣ በቡድን ወርቅ ወሰደች።

ይህን ያነሳሁት ልዩነቱን ለማሳየት ነው። እሷ ያደረገችው አስባበት፣ ተረጋግታ፣ ሌላ ዓይነት ሰላምታ አቅርባ ነው። በዳኛ ውሳኔ ተናድዶ እጅ መንፈግ ከዚህ ጋር አይገናኝም። እናንተ ባላችሁበት ውድድር መጨባበጥ ግዴታ መሆን አለመሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ የሚጮኸው ተጋጣሚያችሁ ከሆነ

አትመልሱ። መስመራችሁ ላይ ቆማችሁ ዳኛውን እዩ፣ ሥራው የሱ ነው። ጉዳት የሚያደርስ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ሆን ብሎ የሚገጭ ከሆነ፣ እጅ አንሥታችሁ «ይህን ቢከታተሉልኝ» በሉ። የተናደደ ሰው ርቀት ይስታል፣ ቸኩሎ ይገባል። ቆም ብላችሁ ጠብቁት፣ በመልስ ምት ነጥብ ታገኙበታላችሁ።

ደረጃ 9፦ ወላጆች

ከፒስቱ ውጭ ያለ ሰው ሥርዓት ካወከ ካርድ አለው። መጀመሪያ ቢጫ፣ ሲደገም ጥቁር፣ ማለትም ከአዳራሹ መውጣት። ከባድ ከሆነ ወዲያው ሊያስወጡት ይችላሉ። ልጅ አባቱ ሲባረር እያየ የሚጫወተው ጨዋታ ምን ዓይነት እንደሚሆን አስቡት።

እንደኛ አገር የኳስ ሜዳ ዳኛው ላይ እየጮኹ መደገፍ እዚህ አይሠራም። ከነጥብ በኋላ አጨብጭቡ፣ ጨዋታው ሲጀመር ዝም በሉ። የልጃችሁ ተጋጣሚ ጥሩ ነጥብ ሲያገባም አጨብጭቡ። ግጥሚያው ሲያልቅ ስለ ዳኛው አታንሡ። «ዳኛው በደለህ» የሚለው ቃል ለልጁ ማጽናኛ ይመስላል፤ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚናደድበትን ምክንያት አስታጥቃችሁ ነው የምትልኩት። «ራበህ?» በቂ ነው።

ደረጃ 10፦ ንዴትን በልምምድ አምጡት

አሰልጣኝ ካላችሁ ይህን ጠይቁ። አንድ ጓደኛ ዳኛ ይሁን፣ ከ5 ነጥብ አንዱን ወይም ሁለቱን ሆን ብሎ ለማይገባው ይስጥ። የቱን እንደሆነ አይንገር። የተበደለው ልጅ አመላለሱን ይጠብቅ፣ ጥያቄውን በሥርዓት ያቅርብ፣ ይቀጥል። ቱግ ካለ ዳኛው ካርድ ያውጣ፣ ነጥቡም ይቆጠር። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። ዳኛ ሆኖ የማያውቅ ልጅ ሁለት መብራት አብሮ ሲበራ ማን እንደቀደመ መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ አይገምትም። አንድ ምሽት ሲዳኝ ያመሸ ልጅ ዳኛን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ቀን ሊያመልጣችሁ ይችላል። ያኔ ውድድሩ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ዳኛው በሌላ ግጥሚያ ላይ እያለ አትሂዱበት። ሲያርፍ ቀርባችሁ «ጠዋት የተናገርኩት ተገቢ አልነበረም፣ ይቅርታ» በሉ። «ግን እርስዎም...» ብላችሁ አትቀጥሉ። ተጋጣሚያችሁንም ፈልጋችሁ እንዲሁ አድርጉ። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ያ ነጥብ ይደገም፤ ተጋጣሚ አቁሙ፣ ያው ጥቃት ይምጣ፣ ያው የተሳሳተ ውሳኔ ይሰጥ፣ እናንተም እጅ አንሥታችሁ «ይቅርታ፣ ሊያብራሩልኝ ይችላሉ?» በሉ።